ለጠላት ሁለት ዓይን

የሌላ ሰው ታሪክ ወስዶ በራስ እጅ እንደገና መሣል ጥበብ ነው ወይስ ኩረጃ? በመካከላችን ሥዕል የሚሞክሩ ልጆች ብቅ ባሉ ቁጥር የሚወረወር ጥያቄ ነው። አንዱ የታወቀ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ገጸ ባሕርያትን በጃፓን አሣሣል፣ ማለትም ዓይናቸውን አስፍቶ፣ ፀጉራቸውን አሹሎ፣ አገጫቸውን አቅጥኖ ሲያመጣ፣ ሌላው ከኋላ ሆኖ «የራስህን አታመጣም እንዴ?» ይለዋል። ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሠዓሊው ያፍራል፤ ተቺው ያሸነፈ ይመስለዋል፤ ሥራው ግን ሳይመረመር ይቀራል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንሠራ የተነሣነው ይህንኑ የቀረውን ምርመራ ነው።

ለምርመራ የመረጥነው «ታይ ፋይተር» የተባለውን ሰባት ደቂቃ ያህል የሚፈጅ የካርቱን ፊልም ነው። እንግሊዛዊው ፖል ጆንሰን ቅዳሜና እሑዱን እየሠዋ አራት ዓመት ያህል ሥሎት በ2015 በነጻ ለተመልካች አቀረበው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሥራው የ«ስታር ዋርስ»ን ዓለም በ1980ዎቹ የጃፓን የካርቱን ፊልም፣ ማለት በአኒሜ አሣሣል እንደገና ይሥላል። ርእሱ የኢምፓየሩ ትንንሽ ተዋጊ መንኮራኩሮች መጠሪያ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፊልሙ ውጊያውን የሚያሳየን ከአማፅያኑ ወገን ሳይሆን ከኢምፓየሩ ወገን ሆኖ ነውና።

«ስታር ዋርስ»ን ላላየ አንባቢ በአጭሩ፦ ጆርጅ ሉካስ በ1977 ባወጣው የመጀመሪያው ፊልም አንድ ጨካኝ ኢምፓየር በጠፈር ላይ ሰፍኗል፤ ጥቂት አማፅያን ይቃወሙታል፤ ኢምፓየሩም አንዲት ሙሉ ፕላኔት፣ አልደራን የምትባለውን፣ ከነሕዝቧ በአንድ ምት ያጠፋል። ይህችን አልደራን አንባቢ ያዝልን፤ ኋላ እንፈልጋታለን።

ስለ ኩረጃው ክስ

በቅድሚያ ክሱን እንየው። ለመሆኑ «ስታር ዋርስ» ራሱ ከማን ወሰደ? ሉካስ በአደባባይ እንደተናገረው፣ ከምንጮቹ አንዱ ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ በ1958 የሠራው «ሥውሩ ምሽግ» ነው። በዚያ ፊልም አንዲት ልዕልትና አንድ የጦር አበጋዝ ወርቅ ይዘው በጠላት ምድር ያልፋሉ። ታሪኩን የምናየው ግን በልዕልቲቱ ዓይን ሳይሆን ንትርክ የማይሰለቻቸው፣ ወርቅ ባዩ ቁጥር የሚስገበገቡ ሁለት ገበሬዎችን ተከትለን ነው። ሉካስ ያንን ዘዴ ወስዶ ገበሬዎቹን ሁለት ሮቦቶች አደረጋቸው። ስለዚህ አንድ አድናቂ «ስታር ዋርስ»ን በጃፓን እጅ ሲሥል ታሪኩን የባዕድ ልብስ አላለበሰውም፤ ወደ ተበደረበት ቤት መለሰው እንጂ።

የአድናቂዎች ሥራ ታሪክም የሚናቅ አይደለም። በ1967 ኒው ዮርክ ውስጥ «ስታር ትሬክ» የተባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ታሪክ ወዳጆች «ስፖካናሊያ» የተባለች መጽሔት አወጡ። አንባቢ በእጁ እንደያዛት እንደዚህችው መጽሔት በስቴንስል ተጽፋ፣ በማባዣ ተባዝታ፣ ወረቀቷ በእጅ ተሰብስቦ ነው የወጣችው። ቶኪዮ ውስጥ ደግሞ በታኅሣሥ 1975 ራሳቸው ሥለው፣ ራሳቸው አሳትመው የሚሸጡ 32 ማኅበራት «ኮሚክ ማርኬት» ብለው የመጀመሪያውን ገበያቸውን ዘረጉ፤ የመጣው ሰው ወደ 700 ገደማ ነበር። በ2019 መጨረሻ ያው ገበያ በአራት ቀን 750 ሺህ ያህል ሰው አስተናገደ። ብዛት የጥበብ ማስረጃ ነው አንልም፤ ብቻ የሰውን ገጸ ባሕርይ ተውሶ መሣል የጥቂት ሰነፎች አመል ነው የሚል ሰው ይህን ሁሉ ሰው የት ሊያስቀምጠው ነው?

ከዚህ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ የቅኔ ቤቱ ነው። የቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃናን ወይም ዘአምላኪየን አልፈለሰፈም፤ ልኩም ዜማውም ከቀደሙት የተወረሰ ነው። ሆኖም በዚያ በተወረሰው ቤት ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ይዞ ቢቀርብ ያፍራል። ጓደኞቹ የሚፈርዱት «ቤቱን ከየት አመጣኸው?» እያሉ ሳይሆን «ምን አዲስ ነገር አገባህበት?» እያሉ ነው። የአድናቂን ሥዕል መመዘን ያለብንም በዚሁ ሚዛን ነው። ታሪኩን መዋሱ አያስወቅሰውም፤ ተውሶ ባዶ እጁን ቢመለስ ግን ያስወቅሰዋል።

የጃፓን ሥልት የሚባለው ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን የጃፓን ሥልት ስንል ትልቅ ዓይንና የሾለ ፀጉር ማለታችን ነው። ይህ ላይ ላዩን ማየት ነው። በእኛ አስተያየት ሥልቱ ቢያንስ በሦስት ነገሮች ይገለጻል፦ በመስመሩ፣ በጊዜ አያያዙና ለጠላት በሚሰጠው ስፍራ።

መስመሩን በተመለከተ «ታይ ፋይተር» ምስጋና ይገባዋል። በ1980ዎቹ የጃፓን የካርቱን ፊልም የሚሣለው ብርሃን በሚያሳልፍ የፕላስቲክ ወረቀት ላይ ነበር። ቀለሙ በወረቀቱ ጀርባ ይቀባል፤ እየደበዘዘ የሚሄድ ጥላ ማውጣት አስቸጋሪ ስለሆነ ጥላው የራሱ ወሰን ያለው ሌላ ቀለም ሆኖ ይቀመጣል። በመሆኑም በዚያ ዘመን ሥራዎች ውስጥ የብረት ጎን በጨለማና በብርሃን በቢላዋ የተከፈለ ይመስላል። ከችግር የተወለደው ዘዴ ውበት ሆነ ማለት ነው። ስቱዲዮዎቹ ወደ ኮምፒዩተር ሲዞሩ ይህ አሠራር እየጠፋ ሄደ። ጆንሰን የጠፋውን መልክ መልሶ ለማምጣት እያንዳንዱን የብረት ገጽ፣ እያንዳንዱን የፍንዳታ ብርሃን በዚያ ሕግ ሥሎታል። ይህ ሥራ ብቻ ሳይሆን ፍቅር ነው። ማንም «ኮረጀ» የሚል ቢኖር እስቲ አራት ዓመት ቅዳሜና እሑዱን ቁጭ ብሎ ይኮርጅና እንየው!

የጊዜውን ነገር ለማየት ግን ከፊልሙ ወጣ ብለን ኮሚክ መጽሐፍ መግለጥ አለብን። ሂሳኦ ታማኪ የተባለው ጃፓናዊ የ1977ቱን ፊልም በማንጋ፣ ማለት በጃፓን የሥዕል ታሪክ መልክ ሠርቶታል፤ በ1998 በእንግሊዝኛ ታትሞ በ1999 የአይስነር ሽልማት አግኝቷል። ሁለት ሰዓት ያህል የሚፈጀው ፊልም በእርሱ እጅ አራት ቅጽ ሆነ። ንግግር ስለ ጨመረ አይደለም የረዘመው። ማንጋ አንድን ቅጽበት በብዙ ሣጥን ይዘረዝራል፦ እጅ፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ ሰማይ፣ ከዚያ እንደገና እጅ። ቃል የሌለበት ገጽ ይበዛል። በፊልም ላይ ሽው ብሎ ያለፈው ነገር በወረቀት ላይ ቆሞ ይጠብቀናል፤ ምን ያህል እንደምንቆይበትም የምንወስነው እኛ ነን። ታማኪ ታሪኩን አልለወጠም፤ የታሪኩን ትንፋሽ ግን ለወጠ። ይህ ራሱ አዲስ ነገር ነው።

ሦስተኛው ግን ከሁለቱ ይከብዳል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እርሱ ነው።

ጭምብልና ዓይን

በጥንታዊው የቤተ ክርስቲያን አሣሣላችን አንድ የታወቀ ልማድ አለ። ቅዱሱ፣ ጻድቁ፣ ሰማዕቱ ፊቱን ወደ እኛ መልሶ በሁለት ዓይኑ ያየናል። ከሓዲው፣ አሳዳጁ፣ ሰይጣኑ ግን በጎኑ ይሣላል፤ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። የዓድዋን ጦርነት የሣሉ የሀገራችን ሠዓልያንም ይህንኑ ተከትለዋል፤ የወገን ጦር ባለ ሁለት ዓይን፣ የጣልያኑ ጦር በጎኑ። ጽሑፍ ያልተማረ ተመልካች እንኳ ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሆነ ሳይጠይቅ ያውቃል። ሕጉ ግልጽ ነው፦ ዓይን ለዓይን የምንተያየው ከወገናችን ጋር ነው።

«ስታር ዋርስ»ም ይህንን የመሰለ ሕግ አለው፤ መሣሪያው ግን ጭምብል ነው። የአማፅያኑ አብራሪዎች የራስ ቁር ፊታቸውን ክፍት ይተወዋል፤ ሲፈሩ እናያለን፣ ሲሞቱም እናያለን። የኢምፓየሩ አብራሪዎች ግን ከአናታቸው እስከ አገጫቸው በጥቁር የራስ ቁር የተሸፈኑ ናቸው። ነጭ ለባሽ ወታደሮቹም እንዲሁ። መንኮራኩራቸው ሲፈነዳ በሲኒማ ቤት ይጨበጨባል እንጂ ማንም «ማን ነበር?» አይልም። ዋናው ጨካኝ ዳርት ቬደር እንኳ ጭምብሉ ወልቆ ልጁን ፊት ለፊት የሚያየው በ1983ቱ ፊልም መጨረሻ፣ ተጸጽቶ ሊሞት ሲል ነው። ንስሐ የገባ ብቻ ፊት ያገኛል። የእኛ ሠዓሊ ቢሆን ኖሮ ቬደርን እስከዚያች ሰዓት በጎኑ ሥሎት፣ በመጨረሻ ፊቱን ባዞረው ነበር።

«ታይ ፋይተር» የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሕጉን ገለበጠው። ከኢምፓየሩ ጦር ጋር ወደ ውጊያው እንሄዳለን፤ የምንጨነቀው ለእነርሱ ነው። ከሩቅ ደርሶ የሚያጠቃው፣ ማንነቱን የማናውቀው ወገን አማፂው ሆነ። አንዲት መስመር ንግግር ሳያስፈልገው፣ በሥዕልና በሚጮኽ ጊታር ብቻ፣ ተመልካቹ ዕድሜውን ሙሉ በጠላትነት ያያቸውን ሰዎች ወገን አድርጎ እንዲያይ ያስገድደዋል። ባለ አንድ ዓይኑ ጠላት ሁለተኛ ዓይን አወጣ። ይህ የሚደነቅ ነው! ከመኮረጅም በጣም የራቀ ነው። ዋናው ሥራ ያልጠየቀውን ጥያቄ መጠየቅ ኂስ ነውና፣ ጆንሰን በእርሳስ ኂስ ጽፏል ብንል አልተሳሳትንም።

እውነት ለመናገር ሐሳቡ የእርሱ ብቻ አይደለም። በዚሁ ስም በ1994 የወጣ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነበር፤ ተጫዋቹን የኢምፓየሩ አብራሪ ያደርገዋል። በዚያ ጨዋታ አለቆች አብራሪውን ጠርተው ስለ ሰላምና ስለ ሥርዐት ያስረዱታል፤ የእርስ በርስ ጦርነት እንዲያስቆም ይልኩታል። ተጫዋቹም በውስጡ «እነዚህ ሰዎች እውነት እየነገሩኝ ነው?» ማለቱ አይቀርም። ቢያንስ የሚጠረጥረው ቃል ተሰጥቶታል። በፊልሙ ውስጥ ግን ያ ቃል የለም። የቀረልን ውበቱ ብቻ ነው።

ሒሳቡስ የት ገባ?

ቅሬታችን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጆንሰን ሥልቱን የወሰደበት ዘመን የጃፓን አኒሜ ለጠላት ፊት መስጠትን በእርግጥ ያውቅበት ነበር። ግን ፊቱን የሚሰጠው ሒሳቡን ሳያስቀር ነው።

በ1979 የጀመረውን፣ ዮሺዩኪ ቶሚኖ ያዘጋጀውን «ሞባይል ሱት ጋንዳም» እንውሰድ። ተመልካች አንሶት በ43 ክፍል እንዲቆም የተደረገ፣ ኋላ ግን የዚያን ዘመን አኒሜ መንገድ የቀየሰ ሥራ ነው። ጠላቱ ዚዮን የተባለ መንግሥት ነው። የዚዮን ሰዎች ፊት አላቸው፣ ቤተሰብ አላቸው፣ ሐዘን አላቸው። ራምባ ራል የተባለው የጦር መኮንን ከባልንጀራው ከሐሞን ጋር በበረሃ ውስጥ አንዲት ምግብ ቤት ገብቶ አንድ ልጅ ያገኛል፤ ሐሞን ለልጁ ምግብ ልግዛልህ ትለዋለች፤ ልጁ «ለማኝ አይደለሁም» በሚል ኩራት እምቢ ይላል፤ ራልም በኩራቱ ይወደዋል። ልጁ አሙሮ ነው፤ ራል ሊገድለው የሚፈልገውን የጦር ማሽን የሚነዳው እርሱ ራሱ ነው። ኋላ ሁለቱ ማሽኖች ተቀዳደው ሲተያዩ እያንዳንዱ የማንን ፊት እያየ እንደሆነ ያውቃል። እህል የቀረበለትን ሰው መግደል ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ቶሚኖ ራልን ስላስወደደን ዚዮንን አላጠበልንም። በታሪኩ መግቢያ የሚሰማው ድምፅ ጦርነቱ በተጀመረ በአንድ ወር ገደማ የሰው ልጅ እኩሌታ እንዳለቀ ይነግረናል። የዚዮኑ መሪ ጊረን ሕዝቡን በንግግር ሲያሰክር የገዛ አባቱ ከሂትለር ጋር ያመሳስለዋል። እንግዲህ ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም አለብን፦ ራል ደግ ሰው ነው፤ ራል የሚያገለግለው ሥርዐት ግን እልቂት ነው። ደግነቱ ሥርዐቱን አያነጻውም፤ ሥርዐቱም ደግነቱን ውሸት አያደርገውም። ሥልቱ የሚያመው እዚህ ላይ ነው፤ ታላቅነቱም ከሕመሙ ነው።

አሁን አንባቢ ያስያዝነውን አልደራንን ይመልስልን። በ«ታይ ፋይተር» ውስጥ አልደራን የት አለች? የለችም። የምንሳሳላቸው አብራሪዎች ፕላኔት ከነሕዝቧ ያቃጠለ መንግሥት አብራሪዎች መሆናቸውን የሚያስታውሰን አንድም ነገር የለም። ለምን እንደሚዋጉ አይነግሩንም፤ የሚያስጠረጥር ቃልም ከአለቆቻቸው አንሰማም። ዓይን አግኝተዋል፤ አንደበት ግን አላገኙም። ስለዚህ ፊልሙ ከጃፓኖቹ የወሰደው የብረቱን ጥላ ነው፤ የልቡን ጥላ ግን ትቶታል። ሠራዊት አምሮ ሲታይ፣ ብረት ሲያብረቀርቅ፣ ሙዚቃው ሲያስገመግም፣ ተመልካቹ ለማን እንደሚያጨበጭብ ሳያስብ ያጨበጭባል። ይህ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ኢምፓየር ሁሉ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሒሳብ ሳይጠየቅ ማማርን።

«ኧረ ተዉ፣ ሰባት ደቂቃ ናት እኮ! መዝናኛ ናት» የሚለን እንደሚኖር እናውቃለን። ሁለት መልስ አለን። አንደኛ፣ አራት ዓመት የተሠራበትን ነገር «መዝናኛ ናት» ብሎ ማለፍ ሠዓሊውን መናቅ ነው፤ እኛ ግን አክብረነው ነው የምንተቸው። ሁለተኛ፣ ማጠር ከማሰብ አይከለክልም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነን በ2021 «ስታር ዋርስ፦ ቪዥንስ» በሚል ስም ሰባት የጃፓን ስቱዲዮዎች ከሠሯቸው ዘጠኝ አጫጭር ፊልሞች የመጀመሪያው፣ «ፍልሚያው» ነው። ካሚካዜ ዶጋ የተባለው ስቱዲዮ በታካኖቡ ሚዙኖ አዘጋጅነት ሠራው። ይህኛው ባለ መብቱ ያዘዘው ስለሆነ የአድናቂ ሥራ አይባልም፤ ርዝመቱ ግን ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ሥዕሉ እንደ ጥንቱ የኩሮሳዋ ፊልሞች ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀለም ያለው የሚያበራ ነገር ብቻ ነው። አንድ ብቸኛ ተጓዥ የገለባ ባርኔጣ ከደፋ ሮቦቱ ጋር በአንድ መንደር ሻይ ቤት ይቀመጣል። ሽፍቶች መንደሩን ይወርራሉ፤ መሪያቸው ቀይ የብርሃን ሰይፍ የያዘች ሴት ናት። በ«ስታር ዋርስ» ሕግ ቀይ ሰይፍ የክፉ ምልክት ነው። ተጓዡ መንደሩን ለማዳን ይነሣል፣ ሰይፉን ይመዝዛል፣ የእርሱም ቀይ ነው!

በዚያች አንዲት ቀለም ታሪኩ ሁሉ ይገለበጣል። ይህ ሰው ከየት እንደመጣ፣ ምን ሠርቶ እንደነበር ቀዩ ብርሃን ይመሰክርበታል። ፊልሙ ፊቱን ሰጠን፣ የቆመበትንም ሥራ አሳየን፣ ያለፈውን ዕዳ ግን ከእጁ አላስጣለውም፤ ሰይፉን በመዘዘ ቁጥር ሒሳቡ ይበራል። ካሸነፈ በኋላ የሴትዮዋን ሰይፍ ቀይ ድንጋይ ወስዶ ለመንደሩ ሕፃን አለቃ ክፉ ያርቅልህ ብሎ ይሰጠዋል። ክፉውን ምልክት የክፉ መከላከያ አደረገው ማለት ነው። «ታይ ፋይተር» ያጣው ይህችን አንዲት ቀይ መስመር ነው እንላለን። ሰባት ደቂቃም ይበቃት ነበር።

ለምትሥሉት

እንግዲህ ፍርዳችንን በአጭሩ እናስቀምጥ። «ታይ ፋይተር» እንደ እጅ ሥራ ከሙያተኞች ጋር የሚወዳደር ነው። እንደ ኂስ ደግሞ ትልቅ ጥያቄ አንሥቶ ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ነው። ግማሽ መንገድ መሄዱ ግን ጭራሽ ካልተነሣው ይበልጣል፤ የመጀመሪያውን ፊልም ዛሬ ደግመን ብናየው፣ ያ ጥቁር የራስ ቁር ሲፈነዳ እንደ ድሮው ሳናስብ ማጨብጨብ ያቅተናል። ይህን ያደረገልን አንድ አድናቂ ነው።

በመካከላችን ሆናችሁ የምትሥሉ እኅቶችና ወንድሞች፣ «የራስህን አታመጣም?» በሚላችሁ አትሸማቀቁ። ግን ለራሳችሁ አታድሉ። የገጸ ባሕርይን ዓይን ከማስፋታችሁ በፊት ለማን እንደምታሰፉት ተጠያየቁ። ዋናው ታሪክ ፊቱን የከለከለው ማን ነው? እናንተ ፊት ስትሰጡት፣ እጁ ላይ ያለውን ደም ደብቃችሁ ነው ወይስ አሳይታችሁ? ለዚህ መልስ ያለው ሥዕል ገጸ ባሕርያቱ ከሆሊዉድም ቢመጡ ከቶኪዮ የራሱ ነው። መልስ የሌለው ሥዕል ግን ገጸ ባሕርያቱን ሠዓሊው ከራሱ ቢፈጥራቸውም የተዋሰው ነው።

እኛ በበኩላችን እንዲህ ያለውን ሥራ በዚህች መጽሔት ለማውጣት ዝግጁ ነን። አንድ ነገር ብቻ አስቀድመን እንንገራችሁ፦ ስቴንስላችን ጥላ አይችልም። ጥቁር የተሞላበት ቦታ ይቀደዳል፣ ቀለሙም ይጨማለቃል። የሚያልፍለት ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ በብረት ማብረቅረቅ የሚያመልጥ የለም፤ መስመሩ ራሱ ማሰብ አለበት።